አባባን በዝናብ የባሕር ዳርቻ ልውሰደው ወይስ ይቅር?

«ሰላም ለዓምዱ አዘጋጅ። የምኖረው ለንደን ነው። አባቴ ከመስቀል በኋላ ከጎንደር መጥቶ እኛ ጋ ነው ያለው። ጡረታ የወጣ የአማርኛ መምህር ነው። ጣናን እንጂ ባሕር አይቶ አያውቅም። እና ቅዳሜ የባሕር ዳርቻ ከተማ ወደሆነችው ማርጌት ልወስደው ቃል ገባሁ። የ15 ዓመት ልጄ ሥዕል ትወዳለች፤ እዚያ ያሉትን ኤግዚቢሽኖች ካላየሁ ብላ ስምንት ቦታ ጽፋ ፕሮግራም አውጥታለች። የባቡር ቲኬት ተቆርጧል፣ ገንዘቡ አይመለስም። አሁን ትንበያው ከጠዋት እስከ ማታ ዝናብ ይላል። ባሌ ‹በዝናብ ሽማግሌ ይዘሽ ባሕር ዳር? ያውም ሥዕል ልታሳዪ?› ብሎ አልሄድም አለ። እኔም ፈራሁ። አባባ የሚያውቀው ሥዕል የቤተ ክርስቲያን ነው። ዘመናዊውን አይቶ ‹ለዚህ ነው እንዴ ያመጣሽኝ?› ቢለኝስ? ደግሞ እርቃን ሥዕል ፊት በአባቴና በልጄ መሃል ብቆምስ? ልጄ አማርኛዋ ደካማ ነው። እሱ እንግሊዝኛ ያነባል እንጂ ብዙም አይናገርም። ቀኑን ሙሉ አስተርጓሚዋ እኔ ነኝ። ልሂድ ወይስ ልሰርዘው? — ቅዳሜ የጨነቃት፣ ከለንደን»

ሂጂ እህቴ።

ባልሽን ተዪው። ቤት ይቀመጥና ማታ ስትመለሱ ትኩስ ነገር ሠርቶ ይጠብቃችሁ፣ እሱም ትልቅ ሥራ ነው።

ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። ዝናቡ አንድ መስመር ብቻ ነው። የቀረው ሁሉ አባባ ምን ይላል፣ ልጄ ምን ትላለች፣ እኔ መሃል ላይ ምን ይውጠኛል ነው። ትንበያው ጠራራ ፀሐይ ቢልም ያው መጨነቅሽ አይቀርም ነበር። ስለዚህ ዝናቡን ቶሎ እንጨርሰውና ወደ ዋናው ጉዳይ እንሂድ።

አባትሽ ሐምሌንና ነሐሴን ዕድሜያቸውን ሙሉ ጎንደር ያሳለፉ ሰው ናቸው። የእንግሊዝ የጥቅምት ዝናብ ለእሳቸው ካፊያ ነው። ይልቅ ክረምቱን እዚያ ጨርሼ መጥቼ እዚህ ደግሞ ሌላ ክረምት ጠበቀኝ ብለው ቢቀልዱብሽ አይግረምሽ። ባሕር ዳር የሚያስቸግረው ነፋሱ ነው። ጃንጥላውን ይገለብጠዋል፣ ከዚያ ጃንጥላ ማባረር ሊሆን ነው። ባለ ቆብ የዝናብ ጃኬት ፈልጊላቸው፣ የባልሽም ቢሆን ይሁን፣ እሱ እንደሆነ አይሄድም። ጫማቸው እንዳይንሸራተት እዪ። ትርፍ ካልሲ ለሦስታችሁም ያዢ፤ ይሄን ቀላል ነገር የሚረሳ ሰው ከሰዓት በኋላውን በእርጥብ እግር ሲያጉረመርም ይውላል። ጠዋት ከመውጣትሽ በፊት ባቡሩ መኖሩን አረጋግጪ። የማዕበል ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶ ባቡሩ ራሱ ከተሰረዘ ገንዘብሽ ይመለሳል፣ የማይመለሰው አንቺ ስትቀሪ ነው። ዝናብ ብቻ ከሆነ ግን አትቅሪ።

አሁን የልጅሽ ዝርዝር። ስምንት ቦታ! ኧረ በፈጠረሽ። ስምንት ጋለሪ በአንድ ቀን እኔም ጉልበቴ ደህና ሆኖ አልሞክረውም። ሦስት ይበቃል። ሦስቱን ግን እሷ ትምረጥ፣ አንቺ አትምረጪላት። እየቆረጠች ስትመርጥ የምር የምትፈልገው የትኛው እንደሆነ ራሷም ታውቀዋለች። እኔ የምጨምረው አንድ ነገር ቢኖር አንዱ ትልቁ ተርነር ኮንቴምፖራሪ ይሁን፣ ሌሎቹ ትንንሾች ይሁኑ ብቻ ነው።

መንገዱን ልንገርሽ። ከሴንት ፓንክራስ በፈጣኑ ባቡር አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ከጣቢያው ስትወጡ ባሕሩ ፊት ለፊታችሁ ነው፣ መፈለግ የለም። እዚያው ጣቢያው አጠገብ፣ አሸዋው ዳር፣ ጣሪያ ያለው አሮጌ መጠለያ አለ፣ ለመንገደኛ መቀመጫ ተብሎ የተሠራ። ቲ. ኤስ. ኤሊየት የሚባለው ገጣሚ በ1921 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ) ጤናው ታውኮ እረፍት ሲወጣ እዚህ መጥቶ ነበር፤ «ዘ ዌስት ላንድ» የተባለውን ዝነኛ ረጅም ግጥሙን በከፊል የጻፈው እዚያ መጠለያ ውስጥ ተቀምጦ ነው። ለአማርኛ መምህር ይሄን ሳትነግሪ እንዳታልፊ። እዚያ አስቀምጫቸው። ከፔርሙዝ ሻይ ቅጂላቸው። ባሕርን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያይ ሰው ትንሽ ጊዜ ያስፈልገዋል፣ ከዝናብ የተከለለ አግዳሚ ደግሞ ለዚህ የተመቸ ነው። እባክሽ እዚያ ላይ ቶሎ በሉ እንዳትይ። ፎቶም ወዲያው አታንሺ።

ከዚያ ጋለሪው ከባሕሩ ወሽመጥ ማዶ ይታያችኋል፣ ነጭ ሕንፃ ነው። በእግር ሩብ ሰዓት ገደማ። ነፋሱ ከከፋ ታክሲ ያዢ፣ ለሦስት ሰው ብዙ አያወጣም። መግቢያው ነፃ ነው። በእኛ ሰዓት ከጠዋቱ 4 እስከ 11 ሰዓት ክፍት ነው፣ የሚዘጋው ሰኞ ነው። አንድ ነገር ግን ዛሬውኑ ድረ ገጻቸው ላይ እዪ። ይሄ ጋለሪ የራሱ ቋሚ ስብስብ የለውም፤ የሚያሳየው እየተቀያየረ የሚመጣ ኤግዚቢሽን ነው። አንዱ ወርዶ ሌላው እስኪሰቀል አንዳንድ ክፍል ዝግ ሊሆን ይችላል። ባዶ ክፍል በር ላይ ደርሶ መመለስ በዝናብ ቀን ያናድዳል።

ቋሚ ስብስብ የለውም ስልሽ፣ ስሙን ሰምተሽ የተርነርን ሥዕሎች በብዛት የምታዪ እንዳይመስልሽ። እነሱ በብዛት ያሉት እዚያው ለንደን፣ ቴት ብሪቴን ነው። ተርነር ማነው ብለው አባትሽ መጠየቃቸው አይቀርም። በ1775 ተወልዶ በ1851 የሞተ እንግሊዛዊ ሠዓሊ ነው። ልጅ ሆኖ ማርጌት ትምህርት ቤት ተልኮ ነበር፤ ካደገ በኋላም በእንፋሎት መርከብ እየተመላለሰ ሚስስ ቡዝ የምትባል ሴት ዘንድ ያርፍ ነበር። ጋለሪው የተሠራው ያ የእንግዳ ማረፊያዋ በነበረበት ቦታ ላይ ነው። በኋላ አብረው ኖሩ፤ ለንደን ቼልሲ ውስጥ ጎረቤቱ ሠዓሊነቱን ሳያውቅ የባሏ ስም ነው ብሎ «አድሚራል ቡዝ» ይለው ነበር አሉ። ይቺን ጨዋታ ለአባትሽ ንገሪያቸው፣ ከሥዕሉ በፊት ሰውየውን ይወዱታል። ሰውየው የሚወደው ደግሞ ጉም፣ ጭጋግ፣ ዝናብና የተናወጠ ባሕር ነበር። ማርጌት ያለችበት የቴኔት አካባቢ ሰማይ በአውሮፓ ውስጥ ተወዳዳሪ የለውም ብሎ ያምን ነበር። ጥርት ባለ ቀን ብትሄዱ ይሄ ሁሉ ወሬ ብቻ ሆኖ ይቀራል። በዝናብ ቀን ግን ግራጫው ሰማይና ግራጫው ባሕር የት ላይ እንደሚገናኙ ሳይለይ ሲቀር ሰውየው ምን ሲያሳድድ እንደኖረ ይገባቸዋል።

ሕንፃው ውስጥ ወደ ባሕሩ የሚያሳይ ትልቅ መስኮት አለ። አባትሽ ሥዕሉ ካልጣማቸው እዚያ ይቀመጡ። አታባብያቸው፣ አትጎትቻቸው። ሞቅ ባለ ክፍል ተቀምጦ የሰሜን ባሕርን በዝናብ ማየት በራሱ ትልቅ ነገር ነው፣ ቃል የገባሽላቸውም ባሕር ነው።

ከጋለሪው በታች ዐለቱ ላይ ደግሞ ብቻውን ቆሞ ወደ ባሕሩ የሚያይ የብረት ሰው አለ። የቅርጻ ቅርጽ ባለሙያው አንቶኒ ጎርምሌይ ሥራ ነው፣ እዚያ የቆመው በ2017 ነው። ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይሸሻል። ሲሞላ ሰውየውን ይውጠዋል፣ ሲሸሽ መልሶ ይተፋዋል። ጣና ይሄን አያደርግም! የውሃውን ሰዓት ስልክሽ ላይ ፈልጊና ሲሸሽና ሲሞላ ሁለቱንም እንዲያዩ አድርጊ። ስትገቡ አሳይያቸው፣ ከምሳ በኋላ ተመልሳችሁ እዩት። ሳስበው የቀኑ ዋና ወሬ ይሄ የሚሆን ይመስለኛል፤ ጎንደር ሲመለሱ ለጓደኞቻቸው የሚያወሩት። ራቁቱን ነው፣ ቀድሜ ልንገርሽ።

የእርቃን ነገር ከተነሳ እዚህ ላይ ልጨርሰው። ልጅሽ የኤግዚቢሽኑን ፎቶዎች አስቀድማ በስልኳ ትይ፣ ምን እንዳለ ትንገርሽ። ይሄ ከተማ የሠዓሊዋ የትሬሲ ኤሚን ነው፣ ያደገችው እዚህ ነው። የእሷ ሥራ ደግሞ ስለ ሰውነትም ስለ አልጋም አይደብቅም። አንድ ክፍል ካሳፈረሽ «አባባ፣ እዚያ ወዲያ የራቁት ሥዕል አለ፣ እንግባ ወይስ እንለፈው?» በያቸው፣ በቃ። ስንት ዓመት ጎረምሳ ያስተማሩ ሰው ናቸው፣ ከዚህ የባሰ ሰምተዋል። እሳቸውን ከሥዕሉ ይልቅ የሚያሳፍራቸው አንቺ እየተሽቆጠቆጥሽ ፊት ፊታቸው ስትቆሚ ነው። የኤሚንን ሌላ ሥራ ግን አሳይያቸው። ድሮይት ሀውስ የሚባለው ቤት፣ ጋለሪው አጠገብ ያለው፣ በ2010 በሮዝ ኒዮን መብራት በእጅ ጽሕፈቷ «አንቺን መውደዴን አቋርጬ አላውቅም» የሚል ጽፋበታለች። ለከተማዋ ነው የጻፈችው ይባላል፤ በዝናብና በጨለምለም ሲል ደግሞ ያምራል።

አሁን ዋናው ፍርሃትሽ። «ለዚህ ነው እንዴ ያመጣሽኝ?»

ቢሉሽስ? ይበሉ። ሥዕል አይቶ አልገባኝም፣ አልወደድኩትም ማለት የተመልካች መብት ነው፤ ጋለሪ ውስጥ በሹክሹክታ የሚያደንቀው ግማሹ ሰው ይሄን ማለት ፈርቶ ነው። ደግሞ አባትሽ ከቤተ ክርስቲያን ሥዕል ሌላ አያውቁም ያልሽው አልተዋጠልኝም። የአፍሪካ አዳራሽን የአፈወርቅ ተክሌን ባለቀለም መስታወት የማያውቅ የእሳቸው ዘመን መምህር አለ? አፈወርቅ የተማረው እዚያው ለንደን፣ ስሌድ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ነው። ገብረ ክርስቶስ ደስታንስ? በገጣሚነቱ አባትሽ በቃላቸው ሊወጡት ይችላሉ፤ ሰውየው ግን ጀርመን ኮሎኝ ተምሮ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሲመለስ አዲስ አበባ ላይ መልክ የሌለው፣ ቀለምና ቅርጽ ብቻ የሆነ ሥዕል ሰቅሎ ያሳየ ነው። ያኔም ይሄ ምንድነው ያለ ብዙ ነበር። ስለዚህ ማርጌት ላይ አንድ ሸራ በሙሉ ሰማያዊ ተለቅልቆ ቢያዩ ስለ ገብረ ክርስቶስ አንሺባቸው። ከዚያ እሳቸው ናቸው የሚያስረዱሽ፣ አንቺ ዝም ብለሽ ስሚ።

የቤተ ክርስቲያን ሥዕል የሚያውቅ ሰውም ማየት የሚችል ሰው ነው። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ገብቶ ጣሪያው ላይ ከመቶ በላይ የመላእክት ፊት ሲያይ ያደገ ጎንደሬ፣ ፊት ምን እንደሚል ማንበብ ከማናችንም ይበልጣል። ልጅሽ ያንን ጣሪያ አይታዋለች? ካላየች ባቡር ውስጥ ፎቶውን ፈልጋ አያቷን ትጠይቃቸው። አንድ ሰዓት ተኩል አላችሁ።

አስተርጓሚነቱንም እዚህ ላይ ተዪው። እሳቸው እንግሊዝኛ ያነባሉ ብለሻል፣ እንግዲያው ከሥዕሉ ጎን የተለጠፈውን ጽሑፍ ራሳቸው ያንብቡ፣ መነጽራቸውን ብቻ አስይዣቸው። ልጅሽ ደግሞ በተሰባበረ አማርኛዋ ትጠይቅ። ይሄን ቀለም ምን ትሉታላችሁ፣ ይሄስ? መምህር ናቸው እኮ፣ እርማት ሥራቸው ነው። ወይም ከክፍሉ ሳይወጡ እያንዳንዳቸው ቤት ይዤው ልሂድ የሚሉትን አንድ ሥራ በጣት ያሳዩ። በጣት ያሳዩ ስልሽ ከሩቅ ነው፤ የእኛ ሰው የወደደውን መዳሰስ ይፈልጋል፣ ጠባቂዎቹ ደግሞ ቶሎ ይደነግጣሉ። አስቀድመሽ ንገሪያቸው። አንቺ በዚህ ጊዜ ካፌው ሂጂ። የምሬን ነው። ለሩብ ሰዓት ብቻቸውን ተያቸው። አንቺ መሃል ላይ እያለሽ ሁለቱም በአንቺ በኩል ያወራሉ፤ አንቺ ከሌለሽ እንደ ምንም ብለው ይግባባሉ።

ትልቁን ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ አትቆዩበት። እግር ይደክማል፣ ዓይንም ይደክማል። መቀመጫ ባያችሁ ቁጥር ተቀመጡ።

ምሳ። ጥቅምት ላይ ያለው የጽጌ ጾም የፈቃድ ነው፣ አባትሽ ካልጾሙት ቅዳሜ ጣጣ የለውም፣ ዓሣና ድንች ጥብስ ብሉ። ከጾሙ ወይም ሌላ ጊዜ በጾም ብትሄዱ ግን አንዳንድ ቤት ድንቹን ሳይቀር የሚጠብሰው በበሬ ሞራ ስለሆነ መጠየቅ አለብሽ፣ ይሄን ብዙ አበሻ አያውቅም። ውጭ ቆማችሁ እንዳትበሉ። ወፎቹ ከእጅ ይነጥቃሉ።

ከምሳ በኋላ አሮጌው ከተማ ውስጥ ያሉትን ትንንሽ ጋለሪዎች እዩ። እዚያ ቤቱ ሁሉ ተጠጋግቷል፣ ከአንዱ በር ወደ ሌላው ስትሄዱ ብዙ አትርሱም። ብዙዎቹ በሳምንቱ መጨረሻ ቀናት ነው የሚከፍቱት፣ ቅዳሜ መምረጥሽ ጥሩ ነው። የባሕር ክንድ የሚሉት የድንጋይ ግንብ ላይም ትንንሽ ስቱዲዮዎች አሉ፣ ወደ ባሕሩ የገባ ስለሆነ ግን ነፋስ ካለ አባትሽን ይዘሽ አትሂጂበት። ትንንሾቹን የምወድበት ምክንያት ብዙ ጊዜ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጦ የምታገኚው ሠዓሊው ራሱ ስለሆነ ነው። በዝናብ ቀን ገበያ ስለሌለው ሰው ሲገባለት ደስ ይለዋል። ካልገዛሁ አልገባም ብለሽ በር ላይ እንዳትቆሚ፣ ሰላም ብሎ ገብቶ አመስግኖ መውጣት ነውር የለውም። ልጅሽ የሆነ ነገር ከወደደች አንድ ፖስትካርድ ትግዛ። ጥያቄም ትጠይቅ፤ «ትርጉሙ ምንድነው?» ሳይሆን «እንዴት ሠራኸው? ይሄን ቀለም ከምን አመጣኸው?» ብትል ይሻላል። የመጀመሪያው ጥያቄ ሠዓሊን ያስጨንቀዋል፣ ሁለተኛው ካነሳሽው አያቆምም። ለሚስል ልጅ ይሄ ከትልቁ ጋለሪ ይበልጣል ብዬ ነው የማምነው።

ጉልበት ከተረፋችሁና ዝናቡ ከበረታ የዛጎሉ ዋሻ አለ። በ1835 ተገኘ የሚባል፣ ከመሬት በታች የተቆፈረ መተላለፊያ ነው፤ ግድግዳው በ4.6 ሚሊዮን ዛጎል ተለብጧል። ማን እንደሠራው፣ ለምን እንደሠራው የሚታወቅ ነገር የለም። ይሄኛው ይከፈልበታል፣ ደረጃም አለው፣ ስለዚህ የአባትሽን ጉልበት እዪ። ላሊበላን ለሚያውቅ ሰው ከመሬት በታች መግባት ብርቅ አይሆንበትም፣ ክርክር ግን ያስነሳል። ቤተ መቅደስ ነው የሚልም አለ፣ የሀብታም ቅብጠት ነው የሚልም አለ። አባትሽ የትኛውን እንደሚሉ ብትጽፊልኝ ደስ ይለኛል።

ቢደክማቸው ተመለሱ። ሁለት ቦታ አይታችሁ፣ አንድ ቦታ አይታችሁም ቢሆን። ልጅሽ ቅር ካላት የሚቀጥለው ዝናባማ ቅዳሜ ለንደን ውስጥ ይሁን፣ ናሽናል ጋለሪ ግቡ፤ ተርነር በ1844 ያሳየው፣ በዝናብ ውስጥ ድልድይ ላይ የሚበር ባቡር ያለበት ሥዕል እዚያ ነው፣ እሱም በነፃ ነው። ማርጌትን ካያችሁ በኋላ ማየቱ የበለጠ ይጣፍጣል።

አንድ ነገር ግን ደብዳቤሽ ውስጥ ፈልጌ አጣሁ። ባልሽ ያለውን ጽፈሻል፣ ልጅሽ የምትፈልገውን ጽፈሻል፣ አንቺ የፈራሽውን ጽፈሻል። አባትሽን ጠይቀሻቸዋል? ዛሬ ማታ እራት ላይ «አባባ፣ ቅዳሜ ዝናብ ነው አሉ፣ ባሕሩን እንሂድ?» በያቸው። እኔ የማውቃቸው የጎንደር ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን ነው የሚፈልጉት። እምቢ፣ ቤት እውላለሁ ካሉ ደግሞ ከባልሽ ጋር ይዋሉ፣ አንቺ ልጅሽን ይዘሽ ሂጂ፤ ቲኬቱ እንደሆነ ተቆርጧል።